የጆሴፍሰን መሰላል ወይስ የስኩዊድ ሜታማቴሪያል?

በሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ በሚያሳልፍ ቁስ፣ በተሠራ የክፍሎች ድርድር ውስጥ ጥቂት ክፍሎች ብቻ በኃይል ሲወዛወዙ ጎረቤቶቻቸው ጸጥ ይላሉ። ጉልበቱ ለምን ወደ ሌሎቹ እንደማይፈስስ መመርመር የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የጆሴፍሰን መሰላል ነው፦ በስስ መለያ የተከፈሉ የሱፐርኮንዳክተር መጋጠሚያዎች እንደ መሰላል ተያይዘው። ሌላው የስኩዊድ ሜታማቴሪያል ነው፦ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ያለባቸው ትናንሽ የሱፐርኮንዳክተር ቀለበቶች (ስኩዊዶች) ተደርድረው የሚፈጥሩት ሰው ሠራሽ ቁስ።

ወጪ፦ እምብዛም ልዩነት የለም። ሁለቱም ዘወትር ኒዮቢየም ከተባለው ብረት ስለሚሠሩ ከ9.2 ኬልቪን በታች መቀዝቀዝ አለባቸው።

አነዳድ፦ መሰላሉ በሽቦ የሚገባ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የስኩዊድ ቀለበቶች ደግሞ ሽቦ ሳይነካቸው በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይነዳሉ።

ማስረጃ፦ እዚህ ላይ መሰላሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ቡድኖች ክስተቱን በሙከራ አሳይተዋል። የሚሽከረከሩት፣ ማለትም የነቁት፣ መጋጠሚያዎች ቮልቴጅ ያወጣሉ፤ የቀሩት ዜሮ ላይ ይቆያሉ። አንድ ማይክሮቮልት 483.6 ሜጋኸርዝ ማለት ስለሆነ ቮልቴጁን ያነበበ ድግግሞሹንም አወቀ። አንደኛው ቡድን እንዲያውም ድርድሩን በሌዘር ቃኝቶ የትኛው ክፍል እንደነቃ በምስል አስቀርቷል። በስኩዊድ በኩል ተመራማሪዎቹ ላዛሪዲስ፣ ጺሮኒስና ኤለፍቴሪዩ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት የስሌት ትንበያ ነው፤ ስሌት ደግሞ መቼም ቢሆን ከመለኪያ መርፌ እኩል አይቆምም።

ስጋት፦ ስኩዊድ ለባዘነ መግነጢሳዊ መስክ እጅግ ስሱ ነው። ጥሩ መከለያ ከሌለ የቀለበቶቹ ድግግሞሽ ይዛባል። ይኸው ስሱነት ግን ድግግሞሹን ከውጭ እንደ ልብ ለመቀየር ያስችላል።

ክስተቱን በቀጥታ መለካት ለሚሻ መሰላሉ ይመቻል፤ የማይክሮዌቭን ጉዞ የሚቆጣጠር ቁስ ለሚያልም ስኩዊዱ።