የድሮዎቹ ፋይናል ፋንታሲዎች፣ ሁለተኛው አናዶኛል

ደሴ ክረምት ሲገባ ጭጋጉም ብርዱም ከቤት አያስወጣም፣ እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በስልኬ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ማጫወቻ አፕ) ፋይናል ፋንታሲ ከሚባለው ተከታታይ ጌም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስጫወት ከረምኩ።

የ1987ቱ አንደኛው ታሪኩ ቀላል ቢሆንም ተመችቶኛል፣ ከስድስት ሙያ (እንደ ተዋጊ፣ አስማተኛ) አራት ሰው መርጠህ ትገባለህ በቃ። ግን ሦስቱን አንድ ጠላት ላይ አዘሃቸው የመጀመሪያው ከገደለው የቀሩት ሁለቱ ባዶ አየር ይመታሉ ሃሃሃ

ሁለተኛው ግን ወይ ጉድ! ሰዎችህ በጥቅሉ የሚያድጉበት ሌቭል የሚባል ነገር የለውም፣ በሰይፍ ስትመታ የሰይፍ ችሎታህ ያድጋል፣ ስትደበደብ ደግሞ ጤናህ ይጨምራል፣ ሀሳቡ አሪፍ ነው ግን ምን ሳደርግ ተገኘሁ መሰላችሁ የራሴን ሰዎች እርስ በርስ ሳደባድብ፣ ታናሽ ወንድሜ አይቶ "አብደሃል እንዴ፣ ያንተው ወገን አይደሉም?" አለኝ። ምን ልበለው?

ከሦስቱ ምርጡ የ1990ው ሦስተኛው ነው፣ ሙያውን በፈለግከው ሰዓት ትቀያይራለህ፣ አንዱ አልሆን ሲል ሌላ ትሞክራለህ። የመጨረሻው ዋሻ ግን ሴቭ ማድረጊያ የለውም፣ እኔ ደግሞ የኢሙሌተሩን ሴቭ መጠቀም ማጭበርበር ነው ብዬ ግግም አልኩ፣ መብራት ጠፋ፣ ቻርጄ 6 ፐርሰንት፣ አለቀ። እስካሁን አልተመለስኩበትም።