የቲክቶክ ኮሜንት ማጣሪያ፦ ቪዲዮዬ ሳላስበው ሲሰራጭ የደረሰልኝ

ድመታችን ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተኝታ ስታንኮራፋ የ12 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቅኩ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ በኖቲፊኬሽን ብዛት ግሏል። አብዛኛው ሰው ስቋል፤ ደስ አለኝ። ግን ከጀርባ የሚሰማው ሳቅ የእናቴ ነው። እሷ ላይ የተጻፈውን ሳነብ አንጀቴ አረረ።

ያኔ ነው ማጣሪያውን የከፈትኩት። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ኮሜንት፤ በቃ። የማትፈልጉትን ቃል ታስገባላችሁ። ቃሉ ያለበት ኮሜንት እናንተ ካላጸደቃችሁት ለሰው አይታይም። ስድቦቹን በ«ሰ»ም በ«ሠ»ም አስገባኋቸው፤ በአማርኛ ለምትጠቀሙ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ኮሜንቱን በሙሉ አግዶ አንድ በአንድ የሚያስጸድቅ ምርጫም አለ። እኔ አልወሰድኩትም፤ የሰዉ ጨዋታ እንዲቀርብኝ አልፈለግኩም።

ትናንት ማታ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ኮሜንቶቹን ራሷ አነበበች። እየሳቀች።