በደሴ አንድ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል፦ የመጀመሪያው ዐይንና ሁለተኛው ዐይን

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ደሴ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ሦስት ጊዜ ልጅ ይዤ ሄጃለሁ፤ አንድ ጊዜ የራሴን፣ አንድ ጊዜ የእህቴን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የጎረቤቴን ጨቅላ። የሆስፒታሉን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናዬ ጋር ወቀሳም ስላለኝ፣ ወቀሳውም በአንድ ተረኛ ሠራተኛ ላይ እንዲወድቅ ስለማልፈልግ ነው። የምገመግመው አልጋውን ወይም የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና አይደለም። የምገመግመው አንድ ሥራቸውን ብቻ ነው፦ በትኩሳት ከሚመጡት ብዙ ልጆች መካከል ኢንፌክሽኑ ወደ ሴፕሲስ የተሻገረበትን ጥቂቱን ልጅ በር ላይ ለይተው የሚያወጡበትን መንገድ።

ሴፕሲስን በተለምዶ «የደም መመረዝ» እንለዋለን፤ ስያሜው ግን በመጠኑ ያሳስታል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ተሕዋሲው ብቻ ሳይሆን ሰውነት ራሱ ለኢንፌክሽኑ የሚሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ ነው፤ መነሻው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ የሚታወኩት የደም ዝውውር፣ ኩላሊትና አንጎል ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙ የተገመተ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር። ለይቶ ማውጣቱን ከባድ የሚያደርገው ግን የቁጥሩ ብዛት አይደለም። በነጋ ጠዋት የሚሻለውም ልጅ፣ በነጋ ጠዋት የማይገኘውም ልጅ በመጀመሪያው ሰዓት አግዳሚው ላይ ተመሳስለው መቀመጣቸው ነው።

የራሴን ልጅ የወሰድኩት በጥር ወር ነው። የ13 ወር ልጅ ነበር። ሳልና ትኩሳት ከያዘው ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አሹት፣ እኔም በሙያዬ ተማምኜ የፓራሲታሞል ሽሮፕ እየለካሁ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰውነቱ ሲበርድ ቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ለቀቀው» አለ። ቴርሞሜትሩ ብብቱ ሥር 35.4 አሳየ። በትንንሽ ልጆች ላይ ከባድ ኢንፌክሽን አንዳንድ ጊዜ በትኩሳት ሳይሆን በመቀዝቀዝ እንደሚገለጥ ለስንቱ ደንበኛ የነገርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ከሌሎቹ ጋር አብሬ እፎይ ብዬ ነበር። ያነቃችኝ ሚስቴ ናት፤ ጡት አልያዝ ማለቱን፣ ስሙን ስትጠራውም ዐይኑን ገልጦ ወዲያው መልሶ መክደኑን ያየችው እርሷ ነበረች። አማቴም በስሙ ብዙ አልተሳሳቱም፤ ኋላ እንደታወቀው የሳንባ ምች ነበር።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ዳገት ነው፣ በዚያ ላይ ሌሊት ነው። በኮንትራት ሚኒባስ ስንደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። የመጀመሪያውን ምስጋና የምሰጠው ለጥበቃው ነው። ገና ካርድ ክፍሉን በዐይኔ ስፈልግ «ልጅ ነው? ካርዱ ይደርሳል፤ በዚህ በኩል ግቡ» ብሎ ወደ ትሪያጅ ጠረጴዛው፣ ታማሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት ወደሚለዩበት፣ መራን። በሌላ ቦታ ካርድ ሳይወጣ ማንም ልጁን ቀና ብሎ አያይም፤ እዚህ ግን ማየቱ ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል። ይህ ትንሽ የሚመስል የቅደም ተከተል ለውጥ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሲስተሯ ልጁን ከእናቱ ጉያ አላወጣችውም። ጋቢውን ገለጠች፣ ልብሱን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ ከዚያም ጣቷን እንኳ ሳታሳርፍበት ሆዱንና ደረቱን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። 58 ሆነ። ከ12 ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ሳትነካው የቆጠረችው ልጅ ሲነካ ስለሚያለቅስ፣ ሲያለቅስም ቆጠራው ስለሚበላሽ ነው፤ ይህን የሚያውቅ እጅ ከሩቅ ያስታውቃል። ቀጥሎ እጁን ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። የአውራ ጣቱን ጥፍር ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭና ስትለቀው፣ የነጣው ቦታ ወደ ቅላቱ ለመመለስ አራት ሰከንድ ፈጀበት፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየቱ የደም ዝውውር መድከም ምልክት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ። ደሴ በጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል የጦሳን ተራራ ሥሩ ሆኖ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የትሪያጁም ክፍል ማሞቂያ የለውም። ጤነኛ ልጅም ቢሆን በዚያ ብርድ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ጥፍሩም ቀለሙን ለመመለስ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ትርጉም ያለው ቀዝቃዛ እጅ፣ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ሕፃናት ልየታ ሥልጠናም ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ በጥፍሩ ሳይሆን በደም ሥር ትርታው ፍረዱ ይላል። ሲስተሯም መዳፏን እርስ በርስ አሽታ አሞቀችና የእጁን አንጓ ዳበሰች፤ ትርታውን ስታጣው ወደ ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ወጣች። እዚያ አገኘችው፣ ግን ደካማና ፈጣን ነበር። «ሦስቱም አሉ፣ ዶክተር» ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ቀዝቃዛ እጅና እግር፣ የዘገየ ጥፍር፣ ደካማና ፈጣን ትርታ፤ ሦስቱ ባንድ ላይ ሲገኙ ሾክ ይባላል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተጠቀመችበት መሣሪያ የእጅ ሰዓቷ ብቻ ነበር። የደም ግፊቱም ተለክቷል፣ ነገር ግን እርሱን የጠበቀ አልነበረም፤ የልጆች የደም ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ ስለሆነ ግፊቱ እስኪወርድ መጠበቅ ልጁ እስኪያመልጥ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነበር። ኦክስጅን ተደረገለት፤ ከጣቱ በተወሰደ የደም ጠብታ ስኳሩ ወደ 41 ወርዶ ስለተገኘ በደም ሥሩ ግሉኮስ ተሰጠው፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በሩን ከረገጥን በ35 ደቂቃ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሾክ ላይ ላለ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሾክ ሳይኖር የሰውነት ክፍሎቹ መታወክ ለጀመሩበት ደግሞ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ እንዲጀመር ይመክራል። መድኃኒቱ የተወሰደው እዚያው ክፍል ካለው የድንገተኛ ሣጥን ሲሆን ሂሳቡን በማግስቱ ከፈልን። እኔ ራሴ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ ማዘዣ ይዞ በሌሊት ከተማ ለከተማ የሚዞር አባት ስንት ሰዓት እንደሚያባክን አውቃለሁ።

በደም ሥሩ ስለገባለት ፈሳሽ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ራሴን የደበቅሁ ይሆናል። ፈሳሹ ሲንጠባጠብ በጣም ቀስ አለብኝና ወጣቱን ሐኪም «ዶክተር፣ ትንሽ ቢፈጥን ምን አለበት?» አልኩት፤ ግሉኮስ ካልተንጠለጠለለት ታክሜያለሁ ከማይል ደንበኛ ያልተሻልኩ ሆኜ። እርሱ «ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ እያየነው» ብቻ ብሎኝ በየጊዜው እየተመለሰ ትንፋሹን አዳመጠ፣ ጉበቱን ዳሰሰ። ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ትኩሳትና የደም ዝውውር መድከም የታየባቸው ልጆች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ልጆች በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ ከ10 በላይ የሚሆኑት ሲሞቱ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 7 ያህሉ እንደሞቱ አሳይቷል። በየአልጋው የመተንፈሻ ማሽን በሌለበት ሆስፒታል ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቶቹን በአጭሩ ላንሣ። የኦክስጅን መጠን መለኪያው ቆንጣጭ የአዋቂ ነው፤ በቀዘቀዘች ትንሽ ጣት ላይ ቁጥሩ ይዘላል፤ ሲስተሯ የእግሩን አውራ ጣት በእጇ አሙቃ እስኪነበብላት ድረስ ደቂቃዎች አለፉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የጤነኛ ሰው ንባብም ቆላ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላልና፣ የተዛባ መለኪያ ሲጨመርበት ፍርዱን ያስቸግራል። የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ተሕዋሲ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ፣ ሌሊት አይሠራም ተባልን። የመኪና አደጋ ተጎጂም፣ የሚያለቅስ ሕፃንም የሚገቡት በአንድ ኮሪደር ነው።

ትልቁ ወቀሳዬ ግን ከሁለተኛው ሌሊት የመጣ ነው። በሐምሌ ወር የአራት ዓመት የእህቴን ልጅ ወሰድን። ትኩሳት 38.9፣ አንድ ጊዜ አስመልሷታል፣ ግን ትናገራለች፣ የጥበቃውን ኮፍያ ትጠይቃለች። ያው ጠረጴዛ ላይ፣ በያው ጥንቃቄ ታየችና «ይህች ትቆያለች» ተባለ። በዚያች ደቂቃ እኔም ብሆን ሌላ አልፈርድም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ስንቀመጥ ማንም ተመልሶ አላያትም። ኮፍያውን ረሳችው፤ ከዚያ ማውራት ተወች፤ ከዚያ እናቷ ጭን ላይ ተኛች፤ ሌሊት ስለሆነ ልጅ መተኛቱ ማንንም አልገረመም። እግሯን ስነካው ቀዝቅዞ፣ ቆዳዋም ላይ ዥጉርጉር ነገር ወጥቶ ስላየሁ ተነሥቼ ተጣራሁ። እንደገና ስትታይ ወዲያው አልጋ ተሰጣት፤ ዛሬ ደህና ናት።

የመጀመሪያው ፍርድ ስሕተት አልነበረም፤ ያረጀ ፍርድ ነበር እንጂ። ሴፕሲስ በሰዓታት ውስጥ መልኩን የሚቀይር ሕመም ስለሆነ፣ በስድስት ሰዓት የተሰጠ «ይቆያል» የሚል ቃል በዘጠኝ ሰዓት ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ይፋ የሆነው ፊኒክስ የተባለው አዲሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት የትንፋሽን፣ የደም ዝውውርን፣ የደም መርጋትንና የአንጎልን ሁኔታ በነጥብ መዝኖ ሁለትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘውን ሴፕሲስ ይለዋል፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ግን መስፈርቱ ሕመሙን ለመሰየም እንጂ በር ላይ ለመለየት እንዳልተሠራ ተናግረዋል። ስለዚህ በር ላይ ያለው ሰው አሁንም ያለው ዐይኑ፣ እጁና ሰዓቱ ነው፤ እነዚህ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠሩ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠሩት። ከአምስት ነጥብ ስጥ ብባል ለጠረጴዛው አምስት፣ ለአግዳሚው ሁለት እሰጣለሁ። ቅጹ ራሱ ይህን ያውቃል፤ «የታየበት ሰዓት» የሚል ዓምድ ሦስት ጊዜ ታትሞበታል። የእህቴ ልጅ ቅጽ ላይ የተሞላው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። በአንድ ተረኛ ለሃያ ልጅ ይህን መሙላት እንደማይቻል አይጠፋኝም፤ ግን አግዳሚውን በየሰዓቱ ዞሮ የእጅና የእግር ሙቀት ለመዳሰስ ልምምድ ላይ ያለ ተማሪም ይበቃል።

ታዲያ ልጅ ቢታመምብኝ ዛሬም ወደዚያው እሄዳለሁ ወይ? እሄዳለሁ፣ ለሚጠይቁኝ ደንበኞችም እዚያው እላቸዋለሁ። በር ላይ ሲደርሱ ግን «ትኩሳት አለው» ብለው እንዳይቆሙ እመክራቸዋለሁ፤ ትኩሳት ያለው ልጅ አግዳሚውን ሞልቶታል። መጥባት ካቆመ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሸና፣ ሲጠሩት እንዴት እንደሚመልስ፣ እጅና እግሩ ብርድ ሳይኖር የቀዘቀዘ እንደሆነ ይንገሩ። ያስቀመጧቸው እንደሆነም ሰዓቱን ይያዙ።

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት ባለፈው ወር ከጎረቤቴና ከአምስት ሳምንት ልጇ ጋር ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በዕድሜው ብቻ ቅድሚያ ስለሚያገኝ ወዲያው ታየ፤ ከጥቂት ምርመራ በኋላ ውጤት እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ እንድንቆይ ተነገረን። አንድ ሰዓት ሲሞላ ጎረቤቴ እኔ ሳልነግራት ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደችና «ሲስተር፣ እባክሽ አንዴ ድገሚልኝ፤ የቅድሙ የቅድም ነው» አለች። ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ምንም ሳትል የእጅ ሰዓቷን እያስተካከለች መጣች፤ የሕፃኑን ልብስ ገልጣ ደቂቃውን ሙሉ ቆጠረች፣ እግሩን ዳሰሰች፣ ተመልሳም ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ «8፡20» ብላ ጻፈች።