የእንቁላል ጣይ መኖ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ዶሮዬን ያሳነከሳት የእግር ሕመም አልነበረም

ዶሮ የምታረቡ ወገኖች፣ በተለይ በግቢያችሁ አሥር አሥራ አምስት የፈረንጅ ዶሮ ይዛችሁ የልጆች ደብተርና የአስቤዛ ጉድለት ከእንቁላል የምትሸፍኑ እናቶች፣ ይህን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። «ከፋብሪካ በቀጥታ የመጣ ነው» እየተባለ በፒክአፕ በየሰፈሩ እየዞረ የሚሸጥ የእንቁላል ጣይ መኖ አለ። ጆንያው የታወቀ ፋብሪካ ጆንያ ነው። ውስጡ ያለው ግን የፋብሪካው መኖ አይደለም። እኔ ሁለት ጆንያ ገዝቼ አንዲት ዶሮ ቀብሬያለሁ፤ ሌላዋ የደረት አጥንቷ ተጣሞ ቀርቷል።

የገዛሁት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ጾም ሲገባ የእንቁላል ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ ዶሮዎቹ ግን መብላታቸውን አያቆሙም። 12 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የፈረንጅ ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ 50 ኪሎ ጆንያ አምስት ሳምንት ያህል ቢቆይልኝ ነው። ሁልጊዜ የምገዛበት ሱቅ ዋጋ በጨመረበት ሳምንት ያ ሰውዬ በራችን ላይ ቆመ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ጆንያ፣ በጆንያ 400 ብር ቅናሽ። «እናቴ፣ አከፋፋዩ መሀል ስለሌለ ነው የረከሰው» አለኝ። አመንኩት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልሰጠኝም።

አራት ሳምንት ገደማ ሲሆን ቀይዋ ማነከስ ጀመረች። ከሁሉም በላይ እንቁላል የምትጥለው እሷ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ የማትዘል። ጠዋት ሌሎቹ ከቆጥ ወርደው ሲበታተኑ እሷ ቆይታ ትወርዳለች፣ መሬት ስትነካ ግራ እግሯን አንሥታ ትቆማለች፣ ሦስት አራት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። ወደ ከሰዓት ሻል ይላታል። ይህ የጠዋትና የከሰዓት ልዩነት ትልቅ ምልክት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም እንደምናደርገው እግሯን አየሁ። ዶሮ የምትመረመረው ማታ ነው፤ ከቆጥ ላይ ሳትደነግጥ ትያዛለች። በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ልጄ የስልክ መብራት ያዘችልኝ። በጣቶቿ መካከል ክር ወይም የሹሩባ ፀጉር ተጠምጥሞ እንደሆነ ፈለግሁ፤ ሴቶች ፀጉር በሚሠሩበት ግቢ ይህ ብዙ ዶሮ አሳንክሷል፣ ጣት ቆርጦ የጣለም አለ። የለም። ውስጥ እግሯን በሞቀ ውሃ አጥቤ አየሁ። ሸካራ ሲሚንቶ ወይም ከፍ ካለ ቆጥ መዝለል የሚያመጣው የእግር መግል ቢሆን ኖሮ መሀል ላይ ጥቁር እከክ፣ ዙሪያው እብጠትና ትኩሳት ይኖር ነበር። ንጹሕ ነው። የቅልጥሟ ቅርፊት ልስልስ ብሎ ተኝቷል፤ ቅርፊቱን የሚያነሣው የእግር ቅንቅን ቢሆን ሸክሮና ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይታይ ነበር። መገጣጠሚያዋም አልሞቀም።

ጎረቤቴ አይቷት «ማሬክስ ነው፣ ሁሉንም ይጨርስሻል» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ማሬክስ የነርቭ በሽታ ነው፤ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ክትባቱም የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን ነው። የያዛት ዶሮ ብዙ ጊዜ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታ ትወድቃለች፣ እግሯም አይታዘዛትም። በአብዛኛው የሚታየው ደግሞ ገና ቄብ ሳሉ ወይም መጣል ሲጀምሩ ነው። የእኔዋ ከአሥር ወር በላይ ናት፤ ጣቷን ቆንጠጥ ሳደርጋት እግሯን ሰብሰብ ታደርጋለች። ስለዚህ ነርቭ አይመስልም ነበር፤ ግን ሰው ሲፈራ ምልክቱን አያመዛዝንም።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት። መኖ የሸጠልኝ ሰውዬ ደወልኩለት። «የማነከስ መድኃኒት አለኝ» ብሎ በፌስታል የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት አመጣ፣ ብር ተቀበለኝ፣ «በሚጠጡት ውሃ በጥብጪው» አለኝ። ስም የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው፣ ምን ያህል ቀን እንቁላሉ እንደማይበላ የሚናገር ወረቀት የለው። ሦስት ቀን ለ12ቱም ሰጠሁ። ለውጥ የለም። በአራተኛው ቀን ሁለተኛዋ ዶሮ ቀኝ እግሯን ማንሣት ጀመረች።

የጾሙ ነገር ሌላም ነገር ሸፍኖብኝ ነበር። በጾም ቤታችን እንቁላል አይሰበርም፤ እየለቀምኩ ለሱቅ ነው የማስረክበው። አንድ ቀን ባለሱቁ «እህቴ፣ ሰሞኑን የምታመጪው እንቁላል ከእጄ ሳይወድቅ ይሰነጠቃል» አለኝ። ቤት ገብቼ ዶሮዎቹ ከሚጥሉበት ቦታ አንድ እንቁላል አነሣሁ፤ አውራ ጣቴ ገባበት። በማግስቱ ሰጋቱራው ላይ ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ሥስ ላስቲክ የሚታጠፍ እንቁላል አገኘሁ። ያን ጊዜ የእግር ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝና የወረዳችንን የእንስሳት ሐኪም ለመንኩት።

ወጣት ልጅ ነው። የቀይዋን እግር እንኳ ብዙ አላየም፤ በጣቱ ደረቷን ዳሰሰና የኔን ጣት ይዞ አስዳሰሰኝ። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት የደረት አጥንት እንደ ማጭድ ጎብጧል። «እትዬ፣ መኖውን ያሳዩኝ፤ አቼቶም ካለ ያምጡልኝ» አለ።

ሁለት ነጭ ሰሐን አስመጣ። በአንዱ አዲሱን መኖ፣ በሌላው በርሜሉ ሥር ተጣብቆ የቀረውን የድሮውን መኖ ጨመረ። በሁለቱም ላይ አቼቶ አፈሰሰ። የድሮው እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ተፍለቀለቀ፤ ነጭ ነጩ ፍሬ ዙሪያ አረፋ ሠራ፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ ይሰማኛል። አዲሱ እዚህም እዚያም ጥቂት አረፋ አሳይቶ ዝም አለ። ከዚያ ከአዲሱ አንድ እፍኝ ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረና አማሰለው። ፉርሽካው ላይ ሰፈፈ፣ ጥቁር አሸዋ ሥሩ ተኛ። አጥቤ በመዳፌ አሸሁት፣ አቼቶም ጠብ አደረግሁበት። ምንም አረፋ የለም። አሸዋ ነው።

የገባኝን ላስረዳችሁ። አረፋውን የሚያወጣው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ የዶሮዋ ካልሲየም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለ። ዶሮዋ ከምትበላው ካልሲየም ሁሉንም ወደ ሰውነቷ ስለማታስገባው በቀን 4 ግራም ያህል ማግኘት አለባት። ለዚህ ነው ደህና የጣይ መኖ ከመቶው ከ3.5 እስከ 4 እጁ ካልሲየም የሚሆነው፤ በኩንታል ከ8 እስከ 10 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እውነተኛውን ጆንያ ፈትተው ፉርሽካ ይቀላቅሉበትና አንዱን ሁለት ያደርጉታል፤ ፉርሽካ ቀላል ስለሆነ ሚዛን እንዲደፋ አሸዋ ይጨምሩበታል። ካልሲየሙ በግማሽ ይወርዳል። በፉርሽካ ውስጥ በብዛት ያለው ፎስፈረስ ደግሞ የቀረውን ካልሲየም ይይዝባታል።

ዶሮዋ ግን መጣሏን ወዲያው አታቆምም። ይህ ነው ልቤን የሚነካኝ። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ደግሞ አትበላም። በሆዷ የቀረ ካልሲየም ከሌለ ከራሷ አጥንት እያወጣች ለእንቁላሉ ትሰጣለች። ጠዋት ከቆጥ ስትወርድ የምታነክሰው፣ ከሰዓት የሚሻላት ለዚህ ነበር። ያነከሰችውም በጣም የምትጥለዋ ናት፤ ሰነፎቹ ደህና ነበሩ። «የእናቴ ዶሮዎች ፉርሽካና ትርፍራፊ በልተው ምን ሆኑ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው፣ ያውም መሬት ጭራ፣ ፀሐይ ሞቃ። ቦቫንስ በዓመት ወደ 300 ትጥላለች። በሐበሻ ዶሮ መኖ አትችለውም።

ሁለተኛዋን አላዳንናትም። ሐኪሙ በመጣ ማግስት ከቆጥ ስትወርድ የጭኗ አጥንት ተሰበረ። አረድናት፤ ያ ስሙ ያልታወቀ ዱቄት በሰውነቷ ውስጥ ስለነበር ልንበላት አልቻልንም፣ ቀበርናት። የዚያን ሰሞን እንቁላል ሁሉ ደፋነው፤ ለፋሲካ ያሰብኩት ገንዘብ አብሮ ሄደ።

ለቀይዋ ቆጡን አውርጄ ሰጋቱራ አለበስኩላት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አደርጋታለሁ፤ ያለ ፀሐይ ወይም ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ አይሠራላትምና። ደህና መኖ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ለብቻው በሳሕን ሻካራ የኖራ ድንጋይ ፍሬ አስቀምጥላታለሁ፤ ፍሬው ከዱቄቱ ይልቅ በሆዷ ስለሚቆይ ሌሊቱን ያደርሳታል። ካጣችሁ የእንቁላል ቅርፊት አፍልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንቁላል መብላት እንዳትለምድ አድቅቃችሁ ስጧት። በአምስተኛው ቀን ሁለቱንም እግሯን መሬት ላይ አደረገች። ደረቷ ግን እንደጎበጠ ነው።

በአንድ ነገር እባካችሁ እንዳትሳሳቱ፦ ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ለዶሮ አትስጡ፣ ያቃጥላል። የምለው ያልተቃጠለውን፣ ለመኖ የተፈጨውን የኖራ ድንጋይ ነው። ለጫጩትና ላልጣለች ቄብም የጣይ መኖ አትስጡ፤ ብዙ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ሰውዬውን ደውዬ ስነግረው «ዶሮዎችሽ በሽታ ይዘው ነው፤ መኖው ደግሞ ተበልቷል፣ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ደረሰኝ ስላልነበረኝ መልስ አጣሁ። በአገራችን የእንስሳት መድኃኒትና መኖ የሚቆጣጠር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 728/2004፤ ግን ባዶ እጅ ይዞ ማን ዘንድ ይኬዳል? ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ፤ በጆንያው ላይ የተሰፋውን ወረቀት ቀኑ እንዲታይ ፎቶ አንሡት። ስፌቱን እዩ፦ የፋብሪካ ስፌት ከጫፉ ሲጎተት እየተተረተረ ይፈታል። የእኔ በእጅ በሲባጎ የተሰፋ ነበር፣ የድሮው መርፌ ቀዳዳም ከላዩ ይታያል። ዐይቼው ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። ከእያንዳንዱ ጆንያ ግማሽ ኪሎ በክዳን ዕቃ አስቀርታችሁ ቀን ጻፉበት።

የአቼቶውን ሙከራ ስታደርጉ ከምታምኑት መኖ ጋር አስተያዩት እንጂ ለብቻው አትፍረዱበት፤ የአጥንት ዱቄት የተጨመረበት መኖ ካልሲየም ኖሮትም አረፋው ሊያንስ ይችላል። አሸዋውን ግን ብርጭቆ ውሃ ያወጣዋል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ጭመቁበት።

ባለፈው ቅዳሜ ፒክአፑ በሰፈራችን እንደገና ሲያልፍ አየሁት። ጆንያዎቹ ያው ናቸው፣ ሲባጎውም ያው ነው። ከሱ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዱና አንድ እፍኝ ጨምሩበት፤ ነገ ጠዋት ለዶሮዎቻችሁ ከመስጠታችሁ በፊት።