ብረቱን ወድጄዋለሁ፤ ሸራውን ቆርጬዋለሁ

የገዛሁት የብረት ማገዶ መደርደሪያ ከነዝናብ መከላከያ ሸራው ነው የመጣው፤ ሸራው ከጫፍ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ጎንና ጎኑም በዚፕ ይዘጋል። ሻጩ የኮራበትም በዚሁ ነው፦ «ጠብታ አያስገባም!» እውነቱን ነው፣ አያስገባም። የገባውንም አያስወጣም። እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚያዝያ የደረደርኩትን አሽ የተባለ ዛፍ ፍልጥ በጥቅምት ስገልጠው የሸራው የውስጥ ገጽ ጤዛ ቋጥሮ ነበር። በታችኛው ረድፍ ቅርፊት ላይ ነጭ ሻጋታ ተንሰራፍቷል።

አንዱን ፍልጥ በመጥረቢያ ለሁለት ከፍዬ፣ አዲስ በተከፈተው ገጽ ላይ የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌዎች ሰካሁ። 29 በመቶ! (ላይ ላዩን መለካት ራስን ማታለል ነው፤ ፀሐይ ያየው ገጽ ሁልጊዜ ደረቅ ነኝ ይላል።) ለምድጃ የሚመከረው ከ20 በመቶ በታች ነው። ከዚያ ካለፈ የእሳቱ ጉልበት ውኃ በማትነን ያልቃል፤ የቀዘቀዘው ጭስም በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ዝፍት የመሰለ ጥቀርሻ ይጋግራል። ያ ጥቀርሻ ደግሞ አንድ ቀን በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

«ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ነው» ይለኝ ይሆናል ሻጩ። ወንድሜ፣ ከዚያው ጭነት የተረፈውን አጥሩ ሥር በጣውላ ርብራብ ላይ ከምሬ፣ ከላዩ አሮጌ ቆርቆሮ ብቻ ጣል አድርጌበት ነበር። ጎኑ ለነፋስ የተራቆተ ነው። እሱ 18 በመቶ ሆነ። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ! እንጨቱንም እንዳያማርርብኝ። አሽ ገና ሲቆረጥም ከብዙዎቹ ያነሰ ውኃ የሚይዝ ዛፍ ነው። አሽን የሚገድለው አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2009 በሚኒሶታ ዋና ከተማ በሴንት ፖል ውስጥ ከተገኘ ወዲህ አሽ በየሰፈሩ እየተቆረጠ ነው፤ የኔም የመጣው ከቅርብ ነው። ኦክ የተባለው ዛፍ ቢሆን ኖሮ ለመድረቅ ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ስለሚችል አፌን በዘጋሁ።

ከእንጨት እርጥበት ፈጥኖ የሚወጣው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ይስብባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች አፋቸው ያለው እዚያ ነው። ይህ ሸራ በዚፕ የሚቆልፈው እሱኑ! የነደፈው ሰው እርጥብ ማገዶ ይዞ ምድጃ ፊት ተንበርክኮ እፍ ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በብረቱ ላይ ግን ክፉ አልናገርም። በረዶ ተከምሮበት አልጎበጠም፤ ፍልጡንም ከመሬት ከጋት በላይ ያነሳዋል። ቀለሙ ብሎኖቹ አጠገብ ትንሽ ተልጧል፣ ሌላ እንከን የለውም።

ሸራው ከላይ አንድ ስንዝር ብቻ እንዲወርድ አስቀርቼ ሌላውን በመቀስ ቆረጥኩት። ይህን ያደረገ ዋስትናው ይሰረዝበታል ተብሎ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ይሰረዝ! ለመግዛት ያሰባችሁ ብረቱን ለብቻው ጠይቁ። «ተለያይቶ አይሸጥም» ካሏችሁ ዋጋ አስቀንሱና መቀሳችሁን አዘጋጁ።