የለዘበ አንደበት ኮርስ፦ የወደድኩትና ያጠረብኝ

ሥራዬ ስልክ አንስቶ የደንበኛ ቅሬታ መቀበል ነው። ቀኑን ሙሉ የተቆጣ ሰው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ክርስቲያን በዕለት ተዕለት ኑሮው እንዴት በገርነት እንደሚናገር የሚያስተምር የማታ ኮርስ ስትከፍት ቀድሜ ተመዘገብኩ። ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ፈገግ በሉ የሚል ምክር ጠብቄ ነበር። እሱንማ በየሥራ ቦታው ሥልጠና ጠግበነዋል።

መምህሩ የጀመሩት ግን ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ከእስራኤል ነገዶች አንዱ የሆኑት የኤፍሬም ሰዎች የእስራኤልን መሪ ጌዴዎንን፣ ምድያምን ልትወጋ ስትሄድ ለምን አልጠራኸንም ብለው በብርቱ ይጣሉታል። ጌዴዎን ክርክር ውስጥ አይገባም። እናንተ ካደረጋችሁት ጋር ሲተያይ እኔ ምን አደረግሁ? የምድያም መኳንንት ሔሬብና ዜብ የወደቁት በእናንተ እጅ አይደለም ወይ? ይላቸዋል። ቁጣቸው በረደ። ምዕራፍ 12 ላይ የዚያው ነገድ ሰዎች ያንኑ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ከጌዴዎን በኋላ የተነሣው መሪ ዮፍታሔ ጋ መጡ። እርግጥ አሁን ቤትህን እናቃጥልብሃለን እስከ ማለት ደርሰዋል። ዮፍታሔ ጠርቻችሁ አላዳናችሁኝም ብሎ መለሰላቸው። ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ከኤፍሬም 42 ሺህ ሰው አለቀ።

መምህሩ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ መቆየታቸውም ደግ ነው። ጌዴዎን አልሸነገለም። ሔሬብንና ዜብን የያዙት በእርግጥም ኤፍሬማውያን ናቸው። ከእውነቱ ውስጥ የሰዎቹን ክብር የሚጠብቀውን መርጦ አስቀደመ፣ በቃ። ገርነት ማለት መለሳለስ ነው ብሎ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሥራ ላይ ሞከርኩት። ደንበኛ ደውሎ “ማመልከቻ ካስገባሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ትቀልዳላችሁ እንዴ?” ይላል። እኛ ጋ የተለመደው መልስ “ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው” የሚል ነው። አሁን መጀመሪያ ፋይሉን እከፍታለሁ። “ልክ ነዎት፤ ማመልከቻዎ ተሟልቶ ገብቷል፣ በእርስዎ በኩል የጎደለ ነገር የለም” ብዬ እጀምራለሁ፤ እውነት ሲሆን ብቻ። ሰውየው በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ችግሩ ገና አልተፈታም፤ መነጋገር ግን ጀምረናል።

ስለ ጽሑፍ መልእክት የነበረው ምሽትም ግሩም ነበር። “እሺ እንዳልክ” የሚል አጭር መልእክት ሰሌዳው ላይ ተጻፈ፤ የተለያዩ ሰዎች ጮክ ብለው እንዲያነቡት ተደረገ። አንዱ በፍቅር አነበበው፣ አንዷ በኩርፊያ፣ ሌላው ስልክ ሊዘጋ እንደቸኮለ ሰው። ቃሉ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ከባድ መልእክት ከመላኬ በፊት ለራሴ ድምፄን አሰምቼ አነበዋለሁ።

የታተመው ወረቀት ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ጥቅሶቹም ተጨናንቀዋል። ይሄ ቀላል ነው። ያዘንኩበት ሌላ ነገር አለ። አንዲት ተሳታፊ፣ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚሰደብ ሰው በገርነት ምን ይበል ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ መጸለይና መታገሥ ብቻ ነበር። መጸለይስ ይገባል። ግን ዮሐንስ 18 ላይ ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም አላለም። ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክር፣ መልካም ከተናገርኩ ግን ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። ስድብ የለውም፣ ዛቻ የለውም፤ በደሉን ግን በስሙ ጠራው። ይህ ክፍል በጥድፊያ ታለፈ። ገርነት በደልን መሸከም ብቻ ነው ብላ ከዚያ አዳራሽ የወጣች ሴት ካለች ልቤ ያዝናል።

ቢሆንም ኮርሱን እመክራለሁ። በተለይ ከሰው ጋር ውሎ ለሚያድር ሠራተኛ፣ ለአስተማሪ፣ ጎረምሳ ለሚያሳድግ ወላጅ። አዘጋጆቹን ለሚቀጥለው ዙር የለመንኳቸው አንድ ነገር ነው፦ ለዮሐንስ 18 ሙሉ ምሽት ይሰጠው፤ ያን ምሽትም በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ይጋበዝ።