በቁርጥ ክፍያ ወይስ በመቶኛ? የአየር ንብረት ድርጅቶችና የፕሮፖዛል ጸሐፊዎች ውል

ለአየር ንብረት የሚሟገት አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት በግሉ የሚሠራ የፕሮፖዛል (ለለጋሾች የሚቀርብ የድጋፍ ማመልከቻ) ጸሐፊ ሲፈልግ፣ ቁርጥ ክፍያን ወይም ከሚገኘው ድጋፍ መቶኛን መምረጥ ይኖርበታል። ካዝናው ባዶ ለሆነ ድርጅት መቶኛው ማራኪ ነው፤ ገንዘቡ ካልተገኘ የሚከፈል የለምና።

ይሁን እንጂ ለተፋሰስ ልማት ከተሰጠ 50,000 ዶላር ላይ 10 በመቶው ለጸሐፊው ሲነሳ 5,000 ዶላር ከማኅበረሰቡ ድርሻ ይጎድላል፤ ብዙ ለጋሾችም ውል ከመፈረሙ በፊት ለተሠራ ሥራ በድጋፋቸው መክፈልን አይፈቅዱም። በአሜሪካ የግራንት (የለጋሽ ድጋፍ) ባለሙያዎች ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ በመቶኛ መክፈልን የሚከለክለው፣ እኔ እንደምረዳው፣ ጸሐፊው በጀቱን እንዲያሳብጥ ስለሚገፋፋ ጭምር ነው። በአገራችንም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ክፍያው በዚህ ርዕስ ከተመዘገበ ለቢሮ ኪራይና ለሒሳብ ሠራተኛ የሚተርፈውን ያጠባል።

ቁርጥ ክፍያ ግን ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም ስለሚከፈል ሸክሙን በድርጅቱ ላይ ይጥላል፤ ይህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ በተለይ ክፍያው በሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው አስቀድሞ ለለጋሹ ለሚቀርበው አጭር የሐሳብ ማስታወሻ፣ ቀሪው ደግሞ ለጋሹ ሙሉ ፕሮፖዛል ሲጠይቅ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ።